ሌባው ሽንት ቤቱ ውስጥ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢያችሁ ስለ ውሃ ፈረቃ የጻፉትን አነበብኩ። ቤቴ ኮተቤ ነው፤ ወደ ለገዳዲ የውሃ ግድብ በሚወስደው መንገድ። ግድቡ በእኛ በኩል ነው እያልን እንቀልዳለን እንጂ ውሃ የምናየው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ቢያማርሩ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን የራሴን ቤት ጉድ ልናገር።

ግቢያችን ውስጥ በብረት ማማ ላይ የተቀመጠች የ500 ሊትር ሮቶ አለችን። የመስመሩ ግፊት ደካማ ስለሆነ ውሃው መጀመሪያ መሬት ላይ ወዳለው በርሜል ይገባል፤ ከዚያ በፓምፕ ወደ ላይ ይወጣል። እኔ፣ ልጄና የልጅ ልጄ ሦስት ነን። ልብስ በሳፋ ነው የምናጥበው። ሮቶዋ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ባዶ ናት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ልጄን ነው። ሻወር ስትገባ ዘፈን ትከፍታለች፤ ዘፈኑ ካላለቀ አትወጣም። ስንቴ ተጨቃጨቅን!

32 ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ሳይለካ መወንጀል አልነበረበትም። አንድ ቀን ማታ 4 ሰዓት ላይ የልጅ ልጄ መሰላል ወጥቶ የመጥረጊያ እንጨት ሮቶዋ ውስጥ ነከረና የረጠበበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ማንም ቧንቧ ሳይነካ፣ ደገመው። ውሃው 12 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። የሮቶዋ ወርድ 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቁጭ ብለን ስናሰላው 60 ሊትር መጣ። ሁላችንም ተኝተን ሦስት ጀሪካን ውሃ ሄዷል!

ቧንቧዎቹን ሁሉ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ናቸው። የቀረው የሽንት ቤቱ ፍላሽ ነው። ድምፅ የለውም፤ ቢያዩትም የሚንጠባጠብ ነገር የለም። የዚያኑ ቀን ለሰላጣ ቀይ ስር ቀቅዬ ነበርና የተቀቀለበትን ውሃ አቀዝቅዤ ፍላሹ ሳጥን ውስጥ ጨመርኩት፤ ማንም እንዳይለቀውም አስጠነቀቅኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀላ። ጎማው ጠንክሮ መውጫውን በደንብ አይደፍንም ነበር። 60 ሊትሩን ለ8 ሰዓት ብታካፍሉት በደቂቃ ሁለት የቡና ስኒ እንኳ የማይሞላ ነው፤ በሸክላው ላይ እንደ ቀጭን ቅባት ተለጥፎ ስለሚወርድ ዓይን አይለየውም።

የጠራሁት የቧንቧ ሠራተኛ ዕቃው በሙሉ ይቀየር አለ። የሚያስፈልገው አንድ ጎማ ነው ብዬ ራሴ መርካቶ ወረድኩ። ሁለት ሱቅ «ጎማውን ለብቻው አንሸጥም» አሉኝ፤ ሦስተኛው ከአሮጌ ካርቶን ውስጥ ፈልጎ ሰጠኝ። አሁን ሮቶዋ አምስት ቀን ትቆያለች። ያ የፈሰሰው ውሃ እኮ በፓምፕ፣ በመብራት ወደ ላይ የወጣ ነው፤ በውሃውም በመብራቱም ስከፍልበት ኖሬያለሁ።

መብራት ካልኩ አይቀር የቦይለሩንም ላንሳ። የእኛው 50 ሊትር ሲሆን ቀይ መብራቱ ሌት ተቀን ይበራ ነበር። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ 3.5 ኪሎዋት በምትስበው ምጣዴ ከ40 ደቂቃ በላይ እንጀራ መጋገር ማለት ነው። ማንም ሳይታጠብ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ቦይለሩ እንደገና ያሞቀዋል። ባዶ ምጣድ ጥዶ መተው ያው አይደለም? አሁን ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ አበራዋለሁ፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አጠፋዋለሁ። ቦይለሩ ከሻወሩ ራቅ ብሎ ስለተሰቀለ ሙቁ እስኪደርስ የሚወርደውን ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ እንቀበላለን፤ ወለል ይታጠብበታል። ልጄም ዘፈኑን ወደ አጭር ቀይራዋለች፤ ይቅርታ ጠይቄያት ነው።

ውሃ ስለመቆጠብ የሚጻፉ ምክሮችን ሳነብ አንዳንዴ ይገርመኛል። «ጥርስ ስትቦርሹ ቧንቧ ዝጉ» ይላሉ። እኛ ሰፈር ቧንቧው ራሱ ዝግ ነው! የእኛ ችግር ሌላ ነው። ውሃ በሌለበት ቀን ቧንቧውን ከፍተን እናይና ሳንዘጋው እንረሳዋለን፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሃው ሲመጣ ኮሪደሩ ይጥለቀለቃል። ወይም ትናንት የቀዳነውን «አሮጌ ነው» ብለን ደፍተን አዲስ እንቀዳለን። ይህን እኔም አድርጌያለሁ።

ነጋዴዎች ጎማውን ለብቻው ቢሸጡልን፣ የሽንት ቤት ዕቃ ካርቶን ላይም አንዴ ሲለቀቅ ስንት ሊትር እንደሚያወርድ በአማርኛ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። እናንተ ደግሞ የፈረቃ ዜና ስታወጡ ከጎኑ የቀይ ስሩን ዘዴ አውጡልን። ብቻ ቤተሰብ ይነገረው በሉ፤ ልጄ ከሥራ መጥታ ሽንት ቤት ገብታ ደም መስሏት ጮኻ ጎረቤት ሰብስባብኛለች።

ጡረተኛዋ መምህርት
ከኮተቤ