ሕግ የለሽ ያላችኋቸው ጀርመኖች የአሳማ ሌባን እንኳ በደረጃ ይቀጡ ነበር

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ጥንቶቹ ጀርመናዊ ነገዶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ባለቀንዱን የራስ ቁር ሥዕል አልፌዋለሁ። እሱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦፔራ ልብስ ነው፤ ሠዓሊው ቲያትር ቢወድ አልፈርድበትም። ያላለፍኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ነገዶቹ እንደ እኛ ገጠር ሰው ደም ከመመለስ በቀር ሕግ አያውቁም ነበር ትላላችሁ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። የወሎ ገበሬ ልጅም ነኝ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለቴ ሰደባችሁኝ፤ ለቁጠባችሁ ምስጋና ይገባችኋል።

ሮማዊው ታሲተስ እ.ኤ.አ. በ98 ስለነዚህ ሰዎች ጽፏል። የአባት ጠላትነት ለልጅ ይወረሳል ይላል። ጸሐፊያችሁ እዚህ ድረስ አንብቧል። ከዚያ መጽሐፉን ሳይዘጋው አልቀረም። ቀጥሎ ያለው እኮ ጠላትነቱ ማብቂያ አለው ነው የሚለው፤ ነፍስ ግድያ እንኳ በተወሰነ የከብትና የበግ ካሳ ይታረቃል፤ ካሳውንም መላው ቤተሰብ ይቀበላል። ቀለል ላለ ጥፋት ቅጣቱ ፈረስና ከብት ነበር። ግማሹ ለንጉሡ ወይም ለሕዝቡ፣ ግማሹ ለተበዳዩ ወይም ለዘመዶቹ። ጉባኤም ነበራቸው። ወንዶቹ መሣሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሐሳቡን ካልወደዱት ያጉረመርማሉ፤ ከወደዱት ጦራቸውን ያጋጫሉ። ስለ እርቅና ስለ ሌላም ትልቅ ጉዳይ መጠጥ ላይ ይመክሩና ውሳኔውን ስካሩ እስኪበርድ ለማግስቱ ያሳድሩታል። አንዳንድ ጽሑፍም እንዲህ አድሮ ቢወጣ ጥሩ ነበር።

ታሲተስ የአገሩን ሰዎች ለማሳፈር አሳምሮ ጽፎ ይሆናል የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ለተማሪዎቼም እነግራቸዋለሁ። ስለዚህ ከነዚሁ ጀርመናዊ ነገዶች አንዱ ወደሆኑት ወደ ፍራንኮች እንሂድ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ፣ በንጉሥ ክሎቪስ ዘመን የተጻፈው የሳሊክ ሕግ ለአንድ ነፃ ፍራንክ ነፍስ 200 ሶሊደስ የሚባል የወርቅ ሳንቲም ካሳ ያስከፍላል። የንጉሡ ባለሟል ከሆነ 600። ሮማዊ ባለርስት ከሆነ 100 ብቻ። ፍትሐዊ ነበሩ አልወጣኝም። የሚጠባ ግልገል አሳማ የሰረቀና ትልቁን የሰረቀ ግን ቅጣታቸው አንድ አይደለም። ካሳ መክፈል ያቃተው ገዳይ ደግሞ ከቤቱ አራት ማዕዘን አፈር አፍሶ በቅርብ ዘመዱ ላይ ይበትናል፤ ዕዳው ወደዚያ ዘመድ ዞረ ማለት ነው። ራሱ በሸሚዝ ብቻ፣ በባዶ እግሩ፣ ዱላውን ይዞ አጥር ይዘላል። ሕግ የለም ያላችሁት እንግዲህ እዚህ አገር ነው።

የእኛ ገጠርስ? ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉ። ሰው ሲገደል በሁለቱ ወገን መሀል ገብተው ደም ያደርቃሉ። አባቴ ለዚሁ ነገር በተጠራ ቁጥር እርሻውን ጥሎ ይሄድ ነበር። አበልም አይከፈለውም። ከእናንተ ቢሮ ወደ ገጠር ደውሎ ለመጠየቅ ስንት ብር ይፈጃል?

ሰኞ ተማሪዎቼ ጋዜጣውን ይዘው ክፍል ገቡ። ዋሾው እኔ ሆንኩ። ለአለቃዬ ብነግራቸው «ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር ዝም ብሎ አይወጣም» አሉኝ። ከዚህ በፊት የላክሁላችሁ እርማት የት እንደገባ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ለጽሑፉ ሙሉ ገጽ ሰጥታችሁታል። ለእርማቱም ሙሉ ገጽ ስጡ አልልም። ከሙት ዓመት ማስታወቂያ ሥር ግን አትቅበሩት። የመንፈቅ ዓመት ፈተና ሳይደርስ ቢወጣ ይመረጣል፤ ጥያቄውን አውጥቻለሁ።

አንድ የታሪክ መምህር
ከደሴ