ይድረስ ለውድ ወዳጄ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነውና ይቅርታህን እለምናለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ለአንድ የመድኃኒት መጋዘን የሠራሁት ፕሮግራም ነው፤ በተማሪነታችን ፊደል ብቻ በሚያሳየው ጥቁር ስክሪን፣ በተርሚናሉ ላይ ሳጥን መሣል ያስተማርኸኝ አንተ ነህና።

መጋዘኑ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኘው በደካማ መስመር ስለሆነ፣ በፊደል ብቻ የሚሠራ ገጽ ይበጃል ብዬ በተርሚናል ላይ ገጽ የሚሥለውን ዝግጁ የፕሮግራም ስብስብ (ላይብረሪ)፣ ኤንከርሲስን መረጥሁ። ላይብረሪው በስክሪኑ ላይ ያለውን ገጽና እንዲሆን የምንፈልገውን ገጽ ጎን ለጎን በሜሞሪ ይዞ፣ «ዱአፕዴት» የሚለውን የማደሻ ትእዛዝ ስንሰጠው ሁለቱን አነጻጽሮ የተለወጡትን ፊደላት ብቻ ይልካል። ኬን አርኖልድ በ1980 ገደማ በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የኤንከርሲስን ቀዳሚ፣ የመጀመሪያውን ከርሲስ ሲጽፍ ተርሚናሎች በቀርፋፋ መስመር ይሠሩ ነበርና፣ ያ ጥበብ ከአርባ ዓመት በኋላ ለእኔ መጋዘን የታሰበ ያህል ሆኖ አገኘሁት። አንድ ቁጥር ሲቀየር የሚጓዘው ያ ቁጥርና ጠቋሚውን ወደ ቦታው የሚያደርሰው ትእዛዝ ብቻ ነው።

ያስቸገረኝ አማርኛው ነበር። የቋንቋውን ሁኔታ የሚያስተካክለው ትእዛዝ «ሴትሎኬል»፣ ገጹን ከሚያስጀምረው ከ«ኢኒትስክር» በፊት መጠራት እንዳለበትና ከእንግሊዝኛ ውጭ ያሉ ፊደላትን የሚቀበለውን የላይብረሪውን ቅጂ ከፕሮግራሙ ጋር ማገናኘት እንደሚገባ አውቅ ስለነበር ፊደሉ በትክክል ወጣ። ሆኖም የመጋዘኑ ኃላፊ ስክሪኑን አይተው «ልጄ፣ ይህ መስመር ለምን ተሰበረ?» አሉኝ። በእንግሊዝኛ በተጻፉት ስሞች አጠገብ ቀጥ ብሎ የሚወርደው መለያ መስመር «ፓራሲታሞል» ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ገብቷል። ሁለት ሌሊት ፈተሽሁት። ለስሙ 20 ቦታ መድቤ ነበር፤ ፕሮግራሙን የጻፍሁበት የሲ ቋንቋ የህትመት ትእዛዝ ግን የሚቆጥረው ባይት (የሜሞሪ መለኪያ) እንጂ ፊደል አይደለም፤ ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነውና ስድስቱን ፊደላት 18 ቆጥሮ ሁለት ባዶ ቦታ ብቻ ጨመረላቸው። መስመሩ 12 ቦታ የተሳበው በዚህ ምክንያት ነው። ፊደላቱ በስክሪኑ ላይ የሚይዙትን ስፋት በሚለካው ፈንክሽን አስልቼ ጉድለቱን ራሴ ስሞላው ተስተካከለ፤ እሳቸውም በጣታቸው መስመሩን ከላይ እስከ ታች ተከትለው «አሁን ቀና» አሉ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። «ጬ»ን የመሰሉ ሰፋፊ ፊደላት ከተመደበላቸው አንድ ቦታ አልፈው ጎረቤታቸውን ይነካሉ፤ ይህ የፎንቱ ጉዳይ እንጂ የላይብረሪው አይመስለኝም። እኩል ስፋት ያለው ጥሩ የግዕዝ ፎንት በእጅህ ካለ እባክህ ላክልኝ።

ወዳጅህ