ለደንበኞቻችን፦ ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር ላይ ሲንተቲክ ዘይት ስለ መሙላት

ውድ ደንበኞቻችን፣

መኪናቸው 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለፈ ደንበኞቻችን ዘይት ለማስቀየር ሲመጡ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «እስካሁን የምሞላው ተራውን ዘይት ነው። አሁን ሲንተቲክ ባደርግበት ሞተሩ ማፍሰስ ይጀምራል ይባላል፤ እውነት ነው?» እጃችን ሥራ ላይ ሆኖ በሁለት ቃል የምንሰጠው መልስ ለጥያቄው የሚመጥን ስላልመሰለን ይህን ደብዳቤ ጻፍንልዎ።

ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ሲንተቲክ (በፋብሪካ በኬሚካል ዘዴ የተሠራ ዘይት) ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ጤናውን ሳያዩ መቀየር ግን ጣጣ አለው። የሚወስነው ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን የሞተሩ ውስጥ ነው። 250 ሺህ ሄዶ ውስጡ ንጹሕ የሆነ ሞተር አይተናል፤ 120 ሺህ ላይ ክዳኑን ከፍተን የደነገጥንበትም አለ።

ስለ ማፍሰሱ የሚባለው ወሬ ከባዶ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለመኪና የሚሆን ሲንተቲክ ዘይት ገበያ ላይ ሲወጣ ከኦይል ሲሎች (በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ ከሚከለክሉት የጎማ ቀለበቶች) ጋር በደንብ የማይስማማ ነበረ። ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራው ተራ ዘይት የሲሉን ጎማ በመጠኑ ያሳብጠዋል፤ ጎማውም በዚያ እብጠት ዘንጉን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ከሲንተቲኩ ዋና ዋና መሠረቶች አንዱ የሆነው ፖሊአልፋኦሌፊን የተባለ ውህድ ግን ጎማ አያሳብጥም፤ እንዲያውም ትንሽ ያኮማትረዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ሞተር ማንጠባጠብ ጀመረ። አምራቾቹ ጎማ የሚያለሰልስና መጠነኛ እብጠት የሚሰጥ ኤስተር የተባለ ውህድ እየጨመሩ ችግሩን ከፈቱት። ዛሬ የአሜሪካውን የኤፒአይን ወይም የአውሮፓውን የኤሲኢኤን ወቅታዊ የዘይት ጥራት ደረጃ የሚያሟላ ዘይት ከጎማ ጋር መስማማቱ ተፈትኖ ነው የሚወጣው። ችግሩ አልፏል፤ ወሬው ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል።

ይሁንና አንድ እውነት ቀርቷል። ጎማ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ላይ የቆየ ዘይት ተጋግሮ እንደ ማስቲካ ይደፍነዋል፤ መኪናውም ደህና ይመስላል። ንጹሕ ዘይት ሲገባ ያንን ያጥበዋል፤ መንጠባጠቡም ይታያል። ሲሉን አዲሱ ዘይት አልቀደደውም፤ ቀድሞም ያለቀ ነበር። ይህን የምንለው ዘይቱን ነጻ ለማውጣት ብለን አይደለም። መኪናዎ ከወዲሁ ዘይት የሚያልብ ከሆነ መጀመሪያ ሲሉን ወይም ጋስኬቱን (በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ማሸጊያ) እንቀይርልዎ፤ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«ሲንተቲክ ቀጭን ነው» የሚለውም የተሳሳተ ነው። ቅጥነቱንና ወፍራምነቱን የሚናገረው ጣሳው ላይ ያለው ቁጥር ነው። 10ደብልዩ-40 ሲል ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ የኋለኛው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለውን ውፍረት። የ40 ዘይት፣ ተራም ይሁን ሲንተቲክ፣ በዚያ ሙቀት ውፍረቱ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክስ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) ባለው ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ለዓመታት 20ደብልዩ-50 ሲሞላ የኖረ ሞተር ላይ «ሲንተቲክ ነው» ተብሎ በአንድ ጊዜ 0ደብልዩ-20 መገልበጥ ነው። ያረጀ ሞተር ክፍተቱ ሰፍቷል፤ ያን ያህል ቀጭን ዘይት ሲያገኝ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል፣ ፍጆታውም ይጨምራል። ሰውም ጥፋቱን በሲንተቲኩ ላይ ይጥላል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከፈቀዳቸው ቁጥሮች አይውጡ።

አሁን የራሳችንን ስሕተት እንነግርዎታለን፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለንምና። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛችን ያገለገለ መኪና ገዝቶ መጣ። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለመኪናው መልካም ላድርግለት ብሎ ሙሉ ሲንተቲክ አዘዘ፤ እኛም የሞተሩን ውስጥ ሳናይ አሮጌውን አፍስሰን አዲሱን ሞላን። በሦስተኛው ሳምንት ደወለልን፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መኪናው ሲቆም የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ገንዳ) ስናወርድ ዘይት የሚሳብበት ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት ከግማሽ በላይ በጥቁር አተላ ተደፍኗል። በጣት ሲነካ እንደ ግሪስ ይሳባል፤ መሐሉ ላይ የከሰል ፍርፋሪ የመሰለ የደረቀ ነገር ነበረው። አዲሱ ዘይት የያዘው ማጽጃ ለዓመታት የተጋገረውን ከየቦታው እያላቀቀ ወደ ታች አውርዶት ኖሯል። ፊልትሮ ያለው ከፓምፑ በኋላ ስለሆነ ወንፊቱን አያድነውም፤ ወንፊቱ ሲደፈን ፓምፑ የሚስበው ያጣል፣ ብሮንዚኖቹም (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ስስ የብረት ንጣፎች) በደረቁ ይፋጫሉ። ደንበኛችን መብራቱን እንዳየ ሞተሩን ማጥፋቱ አተረፈው። የማጽዳቱን ወጪ እኛ ሸፈንን።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን የማናውቀውን መኪና ሳናይ አንቀይርም። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተን በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ እናያለን። ብረቱ የማር ቀለም ከያዘ ችግር የለም፤ ያ የጊዜ ምልክት ነው። ጥቁር ቅርፊት ካለ ወይም የክዳኑ ሆድ በአተላ ከተለበጠ የቫልቩን ክዳን አውልቀን እናሳይዎታለን። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ መጀመሪያ ደረጃውን የጠበቀ ተራ ወይም ሰሚ ሲንተቲክ (ተራውና ሲንተቲኩ የተቀላቀሉበት) ሞልተን በየ2 ወይም በየ3 ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ከነፊልትሮው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብንቀይር እንመርጣለን። አተላው ቀስ በቀስ ይወጣል። በ10 ደቂቃ ሞተር ያጥባሉ የሚባሉትን ፈሳሾች ግን እንዲህ በቆሸሸ ሞተር ላይ አናደርግም፤ አተላውን ቦጭቀው በአንድ ጊዜ ያወርዱታል፣ ያ ደግሞ ከላይ የነገርንዎ ነው።

ንጹሕ ሞተር ከሆነ ግን መሸጋገሪያ አያስፈልገውም። አሮጌውን አፍስሶ ሲንተቲኩን መሙላት ብቻ ነው። ውስጥ የሚቀረው ተራ ዘይት ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል፣ ምንም አያደርግም፤ ሰሚ ሲንተቲክ የሚባለው ራሱ የሁለቱ ቅልቅል ነው።

ዘይት የሚበላ መኪና ላይ ግን አቋማችን የተለየ ነው። ብዙ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ፍጆታን የመጨረሻ ወሰን ያደርጉታል። ከዚያ ለሚበልጥ ሞተር ሲንተቲክ መግዛት ገንዘብን በማርሚታ ማስወጣት ነው፤ የሚቃጠለውም ዘይት ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ክፍል) ያበላሻል። ጭሱን ይዩልን። አድሮ ሲነሣ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ካለው የቫልቭ ሲል ሊሆን ይችላል፤ ነዳጅ ሲሰጡት የሚጨስ ከሆነ ፋሻዎቹን (በፒስተኑ ዙሪያ ያሉትን የብረት ቀለበቶች) እንጠረጥራለን። ለብዙ ኪሎ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው ዘይት የደረቀን ጎማ በመጠኑ ያለሰልሳል፤ ለትንሽ ላብ ይረዳል። የተቀደደ ሲልና ያለቀ ፋሻ ግን በዘይት አይጠገንም፤ ይጠገናል ብለን ልንሸጥልዎ አንፈልግም።

ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው ካሉ፣ ዋናው ጠዋት ላይ ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ዘይቱ ወደ ኮፓው ወርዷል፤ ሲንተቲክ በብርድ ቶሎ ስለሚፈስ ወደ ላይ ፈጥኖ ይደርሳል። በሙቀት ደግሞ ቶሎ አይተንም፣ አይጋገርም። መኪናዎ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) ካለው ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል፤ በጣም የጋለ ቱርቦ ዘንግ ላይ ተራ ዘይት ወደ ጥቀርሻ ይለወጣልና።

አንድ የምንለምንዎ ነገር አለ። ሲንተቲክ ሞላሁ ብለው የመቀየሪያውን ጊዜ ወደ 15 ሺህ አያርዝሙ። ያረጀ ሞተር በፋሻዎቹ በኩል ጭስና ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ዘይቱ ያወርዳል፤ ያ ቆሻሻ ዘይቱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይከማቻል። እኛ በ5 ሺህ እንጀምራለን፤ የሚወጣውን ዘይት አይተን ነው የምንጨምረው።

ከቀየርን በኋላ ዘይቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢጠቁር አይደንግጡ፤ እያጸዳ ነው። የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትር ግን በየሳምንቱ ይለኩት። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ሞተሩን አጥፍተው ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ መለኪያውን ዘንግ ጠርገው መልሰው ያስገቡና ያውጡት። በብዙ መኪኖች በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው 1 ሊትር ገደማ ነው፤ ከላይኛው ምልክት አያሳልፉ፣ ክራንክ ሻፍቱ (ከሥር የሚሽከረከረው ዋናው ዘንግ) መትቶ አረፋ ያደርገዋል። የቆመበትን መሬትም ያስተውሉ። አዲስ ጠብታ ካዩ ቦታውን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያምጡልን፤ ከፊት ይሁን ከኋላ ማወቁ ብቻ ግማሽ ቀን ፍለጋ ያድነናል።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዡ ባለሙያዎች