የናይሮቢውን ክስ ለምን ዝም አላችሁት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ ወጣቶች ማኅበራዊ ሚዲያን በኃላፊነት እንዲጠቀሙ የሚመክረውን ጽሑፍ አነበብኩት፣ ምክሩ ክፉ አይደለም፣ እኔም መምህር ስለሆንኩ ክፍል ውስጥ ሁሌ የምለው ነገር ነው፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ በጣም ነው ያናደደኝ። ሁልጊዜ ጥፋቱ የተጠቃሚው ብቻ ነው እንዴ? አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሼር ስላደረገ ቁጭ አድርገን እንገስጸዋለን፣ ያንን ፖስት ከሰፈር ወሬ አንስቶ ስንት ሺህ ሰው ስልክ ላይ የሚያደርሰውን ኩባንያ ግን ስሙን እንኳ አንጠራም። ፌስቡክን ማለቴ ነው፣ ባለቤቱ ሜታ በእኛው አገር ጉዳይ ናይሮቢ ላይ ተከስሶ እናንተ ግን ዝም ብላችኋል።

የፕሮፌሰር መዓረግ አማረን ነገር እናንተም ታስታውሳላችሁ ብዬ ነው የማስበው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። መስከረም 29 እና 30 ቀን 2014 ፎቷቸው ፌስቡክ ላይ ወጣ፣ የትግራይ ተወላጅ ስለሆኑ ብቻ ያልሠሩት ሁሉ ተለጠፈባቸው፣ የለጠፈው ፔጅ 50 ሺህ ገደማ ተከታይ ነበረው። ልጃቸው ኋላ ናይሮቢ ባቀረበው ክስ ላይ እንዳለው ይነሳልኝ ብሎ ደጋግሞ ሪፖርት አድርጓል። ጥቅምት 24 ከሥራ ሲመለሱ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ከኩባንያው መልስ የመጣው ከሞቱ ከስምንት ቀን በኋላ ነው፣ እስቲ አስቡት፣ ተቀብረው ሰልስታቸው አልፎ ማለት ነው፣ እሱም ቢሆን ክሱ እንደሚለው አንደኛው ፖስት ከዓመት በኋላም አልተነሳም ነበር።

አሁን ይሄን ከሌላ ነገር ጋር አስተያዩልኝ። በዚያው ሰሞን ይኸው ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትራችንን አንድ ፖስት ሁከት ያነሳሳል ብሎ አንስቷል፣ ትዊተርም ኢትዮጵያ ውስጥ ትሬንድስ የሚባለውን፣ ብዙ ሰው የሚያወራበትን ርዕስ የሚያሳየውን ክፍል ለጊዜው ዘግቶት ነበር። ልክ ነበሩ አልነበሩም የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው፣ እኔ የምለው ሲፈልጉ ይችላሉ ነው። የአገር መሪ ጽሑፍ ለማንሳት ያልከበደው ኩባንያ የአንድ አስተማሪ ፎቶ ለማንሳት ለምን ከበደው? መልሱ አይጠፋችሁም፣ የመሪውን ዓለም እያየው ነበር፣ የአስተማሪውን የሚያየው ቤተሰቡ ብቻ ነው።

የሚፈሩትም ሰው እንደየጊዜው ይለያያል። ትራምፕን ከፌስቡክ ያገዱት በ2013 የገና ዕለት ነው፣ ልክ በአራት ዓመቱ በ2017 የገና ዕለት ደግሞ የሜታው አለቃ ዙከርበርግ በቪዲዮ ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ መረጃ ከሚያጣሩ የፋክት ቼክ ድርጅቶች ጋር የምንሠራውን እናቆማለን አለ፣ ትራምፕ ደግሞ ተመርጦ ሊገባ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በዓለ ሲመቱ ላይ ዙከርበርግም የአማዞኑ ቤዞስም የኤክሱ (የቀድሞው ትዊተር) መስክም ፊት ተቀምጠው አየናቸው። ቤተ መንግሥት የገባው ሰው ሲቀየር መመሪያው አብሮ የሚቀየር ከሆነ እንግዲህ እኛ አፍሪካ ቀንድ ያለነው የማንን ፊት ዓይተን ነው የምንተማመነው።

አሠራሩንም ማወቅ አለብን። ፍራንሰስ ሃውገን የምትባለው የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ መስከረም 2014 ላይ የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ የኩባንያው አሠራር የብሔር ግጭት እንደሚያባብስ ስትናገር የኢትዮጵያን ስም ጠርታ ነው። እሷ ካወጣቻቸው ሰነዶች አንዱ እንደሚያሳየው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተናደደ ፊት ያለው ኢሞጂ ከላይክ አምስት እጥፍ ይመዘን ነበር፣ ኋላ ላይ ቀነሱት እንጂ። ምን ማለት ነው መሰላችሁ፣ አንድ ሰው የሚያበግን ነገር ይጽፋል፣ መቶ ሰው ተናዶ ይጫናል፣ መቶ ሰው ኮሜንት ላይ ይሰዳደባል፣ ማሽኑ ደግሞ ይሄ ነገር ተወዷል ብሎ ለሌላ ሺህ ሰው ያሳየዋል። ለማረም ገብቶ ኮሜንት የሚጽፈው ደህና ሰው ራሱ ሳያውቀው ያስፋፋዋል ማለት ነው። ለዚህ ነው ተጠቃሚውን ብቻ መምከር አይበቃም የምለው።

ሪፖርት አድርጉ ይባላል። እሺ፣ እናድርግ። የአንዲት ተማሪዬን ፎቶ የሆነ ሰው ወስዶ በስሟ ሐሰተኛ አካውንት ከፈተና ጸያፍ ነገር ይለጥፍበት ጀመር፣ የትኛው ፕላትፎርም ላይ እንደሆነ ይቅር። ክፍሉ በሙሉ ስልኩን አውጥቶ ሦስቷን ነጥብ እየነካ ምክንያት እየመረጠ ላከ፣ መልሱ የማኅበረሰብ መመሪያችንን አይጥስም የሚል ነበር፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የመጣው። ልጅቷ ሁለተኛውን መንፈቅ አልጨረሰችም። ወዴት ሄደን እንጩህ? የሚንኳኳ በር የለም፣ የሚደወልበት ስልክ የለም፣ አማርኛ አንብቦ የወሰነ ሰው ይኑር አይኑር እንኳ አናውቅም።

የፌስቡክን የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ፖስት የሚያዩት ልጆች ናይሮቢ ሳማ በሚባል ድርጅት በኩል ተቀጥረው ነበር የሚሠሩት፣ ታይም መጽሔት በ2022 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው አንዳንዶቹ በሰዓት 1.50 ዶላር ገደማ ነበር የሚከፈላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ግድያና የተቆራረጠ አካል እያዩ። በዓመቱ ከሥራ ሲሰናበቱ 180 የሚበልጡት ከሰሱ። ያንን ሁሉ ቢሊዮን ዶላር የሚያገኝ ኩባንያ ለእኛ ሕይወት የመደበው ይሄን ነው።

መንግሥትስ ምን አደረገ ብትሉኝ፣ ዘጋው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 በቤተ ክርስቲያኗ ጉዳይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም ተዘግተው ሰዉ ሁሉ እገዳውን ማለፊያ ቪፒኤን ሲጭን ከረመ። ነጋዴው ተጎዳ፣ ተማሪው ተጎዳ፣ ኩባንያዎቹ ምንም አልሆኑም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁንም አንብቡት፣ ቁጥር 1185/2012፣ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ያለው ግለሰብ ሐሰተኛ መረጃ ቢያሰራጭ ቅጣቱ ከሌላው ይከብድበታል፣ ኩባንያው ደግሞ ጥቆማ ሲደርሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ማንሳት አለበት ይላል። ጥሩ፣ 24 ሰዓቱ ሲያልፍስ? ማን ነው የሚጠይቀው፣ ማንን ነው የሚጠይቀው? ግለሰቡን ፖሊስ ቤቱ ሄዶ ያመጣዋል።

ኬንያዎች ግን ሠሩት። የፕሮፌሰሩ ልጅና ሌሎች ከሳሾች ታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሱ፣ ለተጎጂዎች 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈንድ እንዲቋቋም፣ አልጎሪዝሙ፣ ማለትም ለማን ምን እንደሚያሳይ የሚመርጠው ማሽን፣ እንዲስተካከል፣ በእኛ ቋንቋዎች የሚሠራ ሰው እንዲጨመር ነው የጠየቁት። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ፣ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 25 ቀን 2017 አለኝ ብሎ ወሰነ። ኢትዮጵያ ውስጥ ስለፈሰሰ ደም፣ ጎረቤት አገር ዳኛ፣ ዓለም የሚፈራውን ኩባንያ ቁም አለው። ይሄ የፊት ገጽ ዜና ካልሆነ ምንድነው የፊት ገጽ ዜና? እናንተ ጋ የወጣው ግን ውስጥ ገጽ ላይ፣ ከውጭ የዜና ወኪል የተወሰደ አጭር ዜና ነው፣ ከዚያ በኋላ ዝም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። አንድ ሪፖርተር መድቡና ክሱን ቀጠሮ በቀጠሮ ተከታተሉት። እነዚያን ናይሮቢ የነበሩ የአገራችንን ልጆች አግኝታችሁ አናግሯቸው፣ ምን አይታችሁ ነበር፣ ምን አንሱ ምን ተዉ ትባሉ ነበር በሏቸው። የሚመለከተውን መሥሪያ ቤትም አዋጁ ከወጣ ጀምሮ ለስንት ኩባንያ ጻፋችሁ፣ ምን መልስ አገኛችሁ ብላችሁ ጠይቁ፣ መልስ ከከለከሏችሁም ከለከሉን ብላችሁ ጻፉ።

መምህር ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን