ሰርተፊኬቱ ጊዜ ያልፍበታል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ስለ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ባንክራፕሲ (ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው ለፍርድ ቤት የሚያመለክትበት መንገድ) ላይ ስትደርሱ "ጠበቃ ያማክሩ" ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ በዚያ በር ገብቼ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስሜን ብቻ አታውጡብኝ፣ ቤተክርስቲያን የሚያውቀኝ ብዙ ነው።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ታክሲ እነዳለሁ። በኮቪድ ጊዜ ሥራው ሲቆም በካርድ በላን። ካርዶቹ አራት ሆኑ፣ ዕዳው 31 ሺህ ዶላር ገባ።

አሜሪካ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ ማንም ሰው ባንክራፕሲ ከማስገባቱ በፊት ክሬዲት ካውንስሊንግ የሚሉትን ምክር መውሰድ አለበት። በስልክም በኢንተርኔትም ይሆናል። ኤጀንሲው ግን የጸደቀ መሆን አለበት። ምክሩን ስትጨርስ ሰርተፊኬት ይሰጥሃል፤ ባልና ሚስት አብረው ቢያስገቡም ለየራሳቸው ነው።

እኔ በስልክ ወሰድኩት። እንግሊዝኛዬ ለተሳፋሪ ይበቃል፣ ለዚህ ግን አልበቃም። የ14 ዓመት ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኳት። አማካሪዋ ትጠይቃለች፣ ልጄ ትተረጉማለች። ኪራይ ስንት ነው? መብራትስ? አስቤዛስ? ሌላ ወጪ አለ ወይ ስትል፣ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ በየወሩ 150 ዶላር እንደምልክ ነገርኳት። ልጄ መተርጎሙን ትታ ዞር ብላ አየችኝ። "አባዬ፣ ለእማማ መላክ ልታቆም ነው?" ሴትዮዋ መስመር ላይ እየጠበቀች ነው። ምን ልበላት?

እቁቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ልጄ "ክለብ" ብላ ተረጎመችው። አማካሪዋ የስፖርት መሰላት መሰለኝ፣ ሰርዘው አለች! ኋላ እንደገባኝ፣ ዕጣው ገና ካልደረሰህ የከፈልከው ንብረትህ ነው፤ ቀድመህ ከበላህ ቀሪው ዕዳህ ነው። ሁለቱም ማመልከቻው ላይ ይጻፋል።

ምክሩ ለይስሙላ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል እስማማለሁ። ወገቡ ድረስ ዕዳ የዋጠውን ሰው ውጭ መብላት ቀንስ ማለት ያስቃል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ዕዳዬን ሁሉ በአንድ ገጽ ተደምሮ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ጥፋቱ መጣ። ምክሩ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የተወሰደ መሆን አለበት። እኔ የቻፕተር 7 (ዕዳ የሚያሰርዘው የባንክራፕሲ ዓይነት) ማስገቢያ 338 ዶላርና የፎርም ሞይውን ዋጋ እስካጠራቅም ሰባት ወር አለፈ። ሰውየው ቀኑን አላየም። እኔም አላየሁም። ፍርድ ቤቱ አየ። መዝገቡ ተዘጋ፣ 338ቱም ቀለጠ። ይባስ ብሎ፣ መዝገብህ ተዘግቶ በዓመት ውስጥ ድጋሚ ስታስገባ፣ አበዳሪዎችን የሚያግድልህ ጥበቃ ዳኛው ካላራዘመው በ30 ቀን ያበቃል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እባካችሁ እነዚህን በደማቁ አውጡልን። ገንዘቡን አጠራቅም፣ ምክሩን ከዚያ ውሰድ። የምክሩ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ገቢህ ከድህነት መስመሩ 150 በመቶ በታች ከሆነ በነጻ እንዲሆንልህ ጠይቅ። እኔ ሳልጠይቅ ከፈልኩ። የጸደቁት ኤጀንሲዎች ዝርዝር ባንክራፕሲን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የዩ ኤስ ትረስቲ ፕሮግራም፣ ድረ ገጽ ላይ አለ፣ የሚሠሩባቸው ቋንቋዎችም ተጽፈዋል። ካስገባህ በኋላ ከአበዳሪዎች ጋር በሚደረገው ስብሰባ ላይ ደግሞ የስልክ አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣል። ልጅ አታስቀምጡ።

ካስገባህ በኋላ ሌላ ኮርስ አለ፣ የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ነው። ከመጀመሪያው ጋር አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እሱን ካልወሰድክ ዕዳው አይሰረዝልህም።

ያንን የወሰድኩት ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች ነው። የሁለት ሰዓት ነው ያሉኝ ኮርስ በመዝገበ ቃላት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ