አልወርድ ያለው መስመር

ጎንደር፣ የካቲት

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመት አልፎን ሁለተኛውን ይዘናል፤ ለጥምቀት እንኳ ደውዬ እንኳን አደረሰህ አላልኩህም። ሥራ በዛብኝ ብዬ አላታልልህም። ደብዳቤህን ሳልመልስ ወራት አለፉ፣ ከዚያ በኋላ ኀፍረቱ ራሱ እጄን ያዘው። ይቅር በለኝ። ዛሬ ግን ከአንተ በቀር ለማንም ብነግረው የማይገባው ነገር ገጥሞኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ቡና ስንጠጣ «የሰርቨርህን አማካይ አትመን» ያልከኝን ታስታውሳለህ? የምሠራበት ኮሌጅ የምዝገባ ፕሮግራም የድረ ገጽ ፕሮግራሞችን በሚያስኬደው በቶምካት ላይ ነው የሚሠራው። ምዝገባው በተጀመረ ሰሞን ጠዋት ደህና ያረፍድና ከሰዓት በኋላ ድርቅ ብሎ ይቆማል። አጥፍቼ ሳስነሣው ለጥቂት ሰዓታት ይሠራል። ፕሮሰሰሩን ባየው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ሜሞሪውም አልሞላም፤ አማካይ የምላሽ ጊዜውም የሚያስደነግጥ አልነበረም። አስበው፦ ከመቶ ጥያቄ 95ቱ በ0.2 ሰከንድ ቢመለሱና አምስቱ 30 ሰከንድ ቢቆዩ፣ አማካዩ 1.7 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ከእነዚያ አምስቱ አንዷን ግን በዓይኔ አየኋት። ከጃናሞራ የመጣች ልጅ ናት፤ ማስረጃዋን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ ሦስት ቀን «ነገ ተመለሺ» ተባለች። የዚያን ዕለት ማታ ቢሮ አደርኩ።

የሰርቨሩን የውስጥ ቁጥሮች ፕሮሜቴየስ እንዲሰበስብልኝ አደረግሁ። ካልነኩት በየደቂቃው ነው የሚሰበስበው፤ ወደ 15 ሰከንድ አወረድኩት። ቁጥሮቹን በመስመር በሚስለው ግራፋና ላይ ያወጣሁት ጥቂት መስመሮችን ብቻ ነው፦ ጥያቄ የሚያስተናግዱትና ሥራ ላይ ያሉት ትሬዶች፣ የተያዙ የዳታቤዝ ግንኙነቶች፣ ግንኙነት የሚጠብቁት ብዛት፣ ከመቶ ጥያቄ 99ኙ በስንት ሰከንድ ውስጥ እንደተመለሱ።

በማግስቱ ዓይኔን ከግንኙነቶቹ መስመር ላይ አላነሣሁም። ሰው ሲበዛ ይወጣል፣ ሲቀንስ ይወርዳል፤ ነገር ግን እስከ ዜሮ አይወርድም። መጀመሪያ 1 ላይ ቆመ፣ ቆይቶ 2 ላይ፣ ከዚያ 4 ላይ። በምሳ ሰዓት፣ መስኮቱ ተዘግቶ አንድም ሰው ሳይኖር፣ 6 ግንኙነት ተይዞ አየሁ። ማን ይዞት? የዳታቤዝ ግንኙነቶቹን የሚያከፋፍለው ሂካሪ ካልቀየሩት በቀር ያለው 10 ግንኙነት ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አሥረኛውም ተያዘ፤ የቶምካት 200 ትሬዶችም ተራ በተራ እየገቡ ተሰለፉ። እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ጠብቆ ስህተት ይዞ ይመለሳል። ፕሮሰሰሩ ሥራ የፈታው ለዚህ ነበር፤ ሁሉም ቆሞ እየጠበቀ ነው። እኔም አጥፍቼ ባስነሣሁት ቁጥር ማስረጃውን በገዛ እጄ ሳጠፋ ከርሜያለሁ። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሂካሪ፣ ግንኙነት ወስዶ ሳይመልስ የቆየውን ኮድ በመዝገቡ ላይ እንዲጽፍ የሚያደርግ ማስጠንቀቂያ አለው። እሱን ስከፍት ጥፋቱ መታወቂያ የሚያትመው ክፍል ላይ ተገኘ። የአያት ስሙ ያልተሞላ ተማሪ ሲመጣ ኮዱ ተሰናክሎ ይወጣል፤ የያዘውን ግንኙነት ግን አይመልስም። ስህተት ቢፈጠርም ባይፈጠርም ግንኙነቱ እንዲዘጋ አድርገን ጻፍነው፤ ያስተካከልነው ጥቂት መስመር ነው። የጃናሞራዋም ልጅ ተመዘገበች። ማታ ቢሮው ሲዘጋ መስመሩ ዜሮ ላይ ወርዶ ሳየው፣ ስልክህን አውጥቼ ልደውል ብዬ ድፍረቱን አጣሁ።

አሁን ሌላ መስመር እያሳሰበኝ ነው። የማያስፈልገውን ከሜሞሪ የሚጠርገው የጃቫ ማጽጃ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የሚቀረው ሜሞሪ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያለ ይገኛል። የሜሞሪው ቅጂ የተማሪዎች መረጃ ስላለበት ልልክልህ አልችልም። ለፋሲካ ትመጣለህ አይደል? መጥተህ አጠገቤ ተቀመጥና አብረን እንየው። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ