ረጅሙን የስዊድንኛ ቃል ከመቁረጣችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የስዊድን መሥሪያ ቤቶች ስም በአማርኛ ፊደል ሲታተም መስመር መጨረሻ ላይ እንደ አጋጣሚ ይቆረጣል። ለአማርኛ ቃል ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ስዊድንኛ ግን ቃላትን አጣብቆ አንድ ጥምር ስም ስለሚሠራ መጀመሪያ የተገናኙበትን መጋጠሚያ ፈልጉልኝ ይላል።

«ሚግራሹንስቬርኬት»ን እንውሰድ። «ሚግራሹን» ፍልሰት ነው፣ «ቬርኬት» መሥሪያ ቤቱ። መሐል ያለችው «ስ» ማያያዣ ናት፤ ምንጊዜም ከፊተኛው ክፍል አትለይም። ስለዚህ ትክክሉ «ሚግራሹንስ-ቬርኬት» ነው፤ «ሚግራሹን-ስቬርኬት» ስህተት ነው። በ«ሹን» ወይም በ«ሄት» የሚያልቅ ስም ከፊት ከገባ ይቺ «ስ» አትቀርም ማለት ይቻላል። ከመጋጠሚያው ሌላ መቁረጥ የግድ ከሆነ አንድ ተነባቢ ወደ ታች ይወርዳል፦ «ቬር-ኬት»። የጥምር ስሙን ሰዋስዋዊ ጾታ («ኤን» ወይም «ኤት» መሆኑን) የሚወስነው ኋለኛው ክፍል ነው፤ «ሚግራሹን» ለብቻው «ኤን» ሲሆን ሙሉው ስም በ«ቬርክ» ምክንያት «ኤት» ይሆናል።

ሦስት ቃል ሲገጣጠም «ስ» ይበልጥ ትጠቅማለች። የወይን ብርጭቆ «ቪንግላስ» ነው፣ ያለ «ስ»። የቀይ ወይን ብርጭቆ ግን «ሮድቪንስግላስ» ነው። ዋናው መጋጠሚያ ከ«ሮድቪን» በኋላ መሆኑን የምትናገረው እሷ ናት፤ ቀዩ ወይኑ እንጂ ብርጭቆው አይደለም። ቅደም ተከተሉም ከአማርኛው አንድ ነው፣ ዋናው ስም መጨረሻ ይመጣል። ከግዕዝ እንደመጣው «ቤተ መንግሥት» ዋናውን ስም ከፊት የሚፈልግ ግን ይሳሳታል።

በላቲን ፊደል ለምታትሙትም አንድ ነገር አለ። «ቡስታሹን» (የአውቶቡስ ጣቢያ) የተሠራው በሁለት «ኤስ» ከሚያልቀው «ቡስ» እና በ«ኤስ» ከሚጀምረው «ስታሹን» ነው። ሦስት «ኤስ» ተከታትሎ ስለማይጻፍ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ። ቃሉ በሁለት መስመር ሲከፈል ግን የተዋጠው ይመለሳል፦ ሁለት ከላይ፣ አንድ ከታች።

ከሁሉ የከፋው ጥምር ስምን ነጣጥሎ መጻፍ ነው። «ሹክሾተሽካ» ነርስ ናት፤ «ሹክ ሾተሽካ» ግን የታመመች ነርስ። ሲነገር ጥምሩ ዋናውን ጫና በመጀመሪያው ክፍል፣ ቀለል ያለውን በመጨረሻው ላይ ያሳርፋል፤ በጽሑፍ ያንን የሚተካው አንድ ላይ መጻፉ ብቻ ነው።

ደንብ ብቻውን የማይፈታውም አለ። «ቢልድሩለ» «ቢል-ድሩለ» ከሆነ መኪና በግዴለሽነት የሚነዳ ሰው ነው፣ «ቢልድ-ሩለ» ከሆነ የሥዕል ጥቅል። ስዊድናዊ ሲናገረው በአናባቢው ርዝመት ይለያል፤ የእኛ ፊደል ግን ያንን ርዝመት አያሳይም። እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥማችሁ መሐል መስመር ላይ ቢሆንም እንኳ መጋጠሚያው ላይ ሰረዝ አስገቡለት።

የስዊድንኛ ቋንቋ መምህራን